ትንሿ ብሎን

ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። ልጅቷ ሰዓቱን ያስታወሰችው የግቢውን በር ስትከፍት የእናቷ የስፌት መኪና ድምፅ ስላልነበረ ነው። በዚያ ሰዓት መኪናው ዝም ብሎ አያውቅም። ደንግጣ በመስኮቱ አሻግራ የግድግዳውን ሰዓት አየች፤ ከዚያ በኋላ ያቺ ሰዓት ከአእምሮዋ አልወጣችም።

ቦርሳዋን ሳታወርድ ወደ መተላለፊያው ገባች። ቤንዚን ይሸታል።

አባቷን በየሳምንቱ የምታየው ነርስ መሃል ላይ ቆማ አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ሸፍናለች። እናቷ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ግድግዳውን ተደግፋለች።

«እዚህ ምንድነው ያስቀመጣችሁት?» አለች ነርሷ።

«ሞተር ነው፣ ሲስተር። የጀልባ ሞተር።»

«ከበሽተኛው አጠገብ?»

«መጋረጃ አለ እኮ» አለች እናቷ፣ ድምጿ እየሞተ።

ነርሷ መጋረጃውን አየችው። ከጀርባው ደረቅ ሳል ተሰማ፤ ጀመረ፣ ረዘመ፣ ሲያበቃም ያበቃ አይመስልም።

ልጅቷ ተንበርክካ የሞተሩን ልብስ ጫፍ ገለጥ አደረገች። ከሥሩ ትሪ አለ፣ ትሪው ላይ ሰጋቱራ ተነስንሷል። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ ሰጋቱራው ደረቅና ቢጫ ነበር። አሁን መሃሉ መዳፍ በሚያህል ስፋት ጠቁሯል። እያየችው አንዲት ጠብታ ከሞተሩ ሥር ተንጠለጠለች፣ ወፈረች፣ ወደቀች።

አባቷ ሰዎችን ከሐይቁ ወዲህና ወዲያ የሚያሻግር ጀልባ ነጂ ነው። ሞተሩን እሱም የሙያ ጓደኞቹም «ሽማግሌው» ይሉታል። የነፋሱ ወቅት ሲመጣ ጀልባዎቹ አሸዋው ላይ ይገለበጣሉ፣ ሞተሮቹም እስኪያልፍ ድረስ ይቀመጣሉ። ቀድሞ የሚቀመጡት የጋራ መጋዘን ውስጥ ነበር። አምና ግን ጣሪያው አፈሰሰ፣ ቁልፉም ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲህ ሁሉም ሞተሩን ወደ ቤቱ ይወስዳል። የእነሱ ቤት ደግሞ ከመኝታ ክፍሉ ቀጥሎ ካለችው መተላለፊያ ሌላ ባዶ ቦታ የለውም።

ዘንድሮ አባቷ ሥራውን ራሱ መሥራት አልቻለም። ብርድ ልብስ ተከናንቦ መስኮቱ ላይ ተቀመጠና እሱ ተናገረ፣ እሷ ሠራች። ሞተሩን በርሜል ውስጥ አቁማ በንጹሕ ውሃ አጠበችው። ካንዴላዎቹን ፈትታ በየቀዳዳው ዘይት ጠብ አደረገች። የቤንዚኑን ጎማ ነቀለች። የአባቷ ጓደኛ መጥቶ ከበርሜሉ አንሥተው ሲሸከሙት አባቷ ከመስኮቱ ጮኸ፦

«በጎኑ እንዳታስተኚው፣ አለቃ። ጡት ጠብቶ እንደጨረሰ ሕፃን ቀጥ አድርገሽ ያዢው።»

«አለቃ» የሚላት እሷን ነው። በልጅነቷ ጀልባው ጫፍ ላይ ተቀምጣ «ወደዚህ፣ ወደዚያ» እያለች ስታዝዘው የወጣላት ስም ነው።

ሞተሩ ፕላስቲክ አይለብስም፤ ፕላስቲክ ከለበሰ ያልበዋል፣ ላቡም ያዝገዋል። ስለዚህ እናቷ የአቡጀዲ ልብስ ሰፋችለት። ለቀልድ ብላ ኮሌታ ጨመረችበት። አባቷ ሲያየው እስኪያስለው ሳቀ።

«ለእኔ እንዲህ ያለ ሸሚዝ ሰፍተሽልኝ ታውቂያለሽ?»

«አንተ መቼ ዝም ብለህ ትለካልኛለህ» አለችው።

አንድ ነገር ብቻ አላስነካትም። ቤንዚንና አየር ከሚቀላቅለው ካርቡራተር ሥር ትንሽ ብሎን አለች። እሷ ከተፈታች ሆዱ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ሁሉ ይወጣል። ለአንድ የነፋስ ወቅት አትፈታም፤ ባዶ ከሆነ ውስጡ ያሉት ላስቲኮች ደርቀው ይሰነጠቃሉ፣ ሲመለሱ መካኒክ ካልነካው አይነሳም ባዮች ናቸው ጀልባ ነጂዎቹ። ያቺን ብሎን የሚፈታው ሥራ የተወ ሰው ነው፣ ወይም አገር የሚለቅ፣ ወይም ያረጀ። አንድ ሰው ሐይቁ ዳር ተቀምጦ ሲፈታት ካዩ ሌሎቹ አይጠይቁትም። ዞር ብለው ሥራቸውን ይሠራሉ።

ነርሷ ቦርሳዋን አነሣች።

«ኦክስጅን ተፈቅዶለታል። ዛሬ የመጣሁት ቤቱን ለማየት ነው። ኦክስጅንና ቤንዚን ግን አንድ ጣሪያ ሥር አይሆኑም። እሳት ነው። ነገ ሰባት ሰዓት ላይ ሲሊንደሩን ይዤ እመጣለሁ፤ ይሄ ሽታ ካለ ይዤው እመለሳለሁ። ክፋት አይደለም፣ እሺ?»

ልጅቷ እስከ በሩ ሸኘቻት። «ይሻለዋል?» አለቻት።

«ትንፋሹን ያቀልለታል» አለች ነርሷ። የተጠየቀችው እሱን እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

ስትመለስ እናትና ልጅ አልጋው አጠገብ ቆሙ። አባቷ በሦስት ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ሁሉንም ሰምቷል፤ መጋረጃ ጆሮ አይዘጋም።

«ጓደኛህ ይውሰደውና እሱ ጋ ይቆይልህ» አለች እናቷ።

«የእሱ ቤት ያፈሳል።»

«እንግዲያው ቤንዚኑ ይውጣለት።»

«አይነካም።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ነፋሱ ሲያልፍ በምን ልወጣ ነው? እሱም ያንጠባጥባል፣ እኔም አስላለሁ። ሁለት ሽማግሌዎች ምን አደረግናችሁ?»

እናቷ ወደ ስፌት መኪናዋ ሄደች። መርገጫውን ስትረግጥ ተሰማ፣ ግን መኪናው ላይ ጨርቅ አልነበረም።

ልጅቷ የምትችለውን ሁሉ አደረገች። የራሰውን ሰጋቱራ ጠርጋ ግቢ ጥግ አወጣችና አዲስ ነሰነሰች። የጎማው መግቢያ ላይ ጨርቅ ጠመጠመች። ብሎኖቹን ሁሉ በጣቷ እየነካች የላላ ፈለገች፤ የላላ የለም። ያረጀ ነገር ነው የሚያንጠባጥበው፣ የትኛው እንደሆነ ግን አይታይም። ጠብታዋ ተንጠለጠለች፣ ወፈረች፣ ወደቀች። የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት።

በማግስቱ ክፍል ስትገባ አጠገቧ የምትቀመጠው ቀጮ እጇን አፏ ላይ እንደ ድምፅ ማጉያ አደረገች።

«ማደያ ደርሳለች። ክብሪት የያዛችሁ ራቁ።»

ከዚያ ፊቷን አየችና እጇን አወረደች። «ምነው? ሙድሽ ልክ አይደለም።»

ነገረቻት። ቀጮ ሰምታ ትንሽ አሰበች።

«ይሄማ ቀላል ነው። የእህቴን ሽቶ ላምጣልሽ። ሴትየዋ ልትመጣ ስትል መተላለፊያው ላይ ትነፊበታለሽ። ፎገርሻት፣ አለቀ።»

«ብታውቅስ?»

«የእህቴን ሽቶ አታውቂውም። አንድ ጊዜ ተነፍታው አውቶቡስ ውስጥ ሰው ወርዷል።»

የቀጮ ቤት ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ነው። በእረፍት ሰዓት ሮጣ አመጣችው፤ አጭር፣ ሐምራዊ ጠርሙስ። ልጅቷ ኪሷ ከተተችው። ስድስት ሰዓት ሲሆን የክፍል ኃላፊዋን አስፈቅዳ ወጣች።

በራቸው ላይ የእጅ ጋሪ ቆሟል። ከጋሪው አጠገብ መልህቅ የሚሉት የአባቷ ጓደኛ አለ፤ ሞተሩን አብሯት የተሸከመው ነው። ወፍራም ነው፤ ሰው ቤት ከተቀመጠ አይነሳም ብለው ነው ጀልባ ነጂዎቹ ይህን ስም ያወጡለት። አሁን ግን መግባቱን ፈርቶ ቆሟል።

«እናትሽ ጠርታኝ ነው፣ ልጄ። ልወስደው ነበር።»

«አባዬ ምን አለ?»

«እስቲ አብረን እንግባ።»

ገቡ። መልህቅ ባርኔጣውን አውልቆ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አልጋው አቃሰተ።

«ጋሪ ይዘህ ነው የመጣኸው» አለ አባቷ።

«ሸራ ዘርግቼ አስቀምጥልሃለሁ። ጠብ አይልበትም።»

«ጥሩ። እንግዲያው አልጋዬንም አብረህ ጫነው።»

መልህቅ ባርኔጣውን በእጁ አዞረው፣ አዞረው። ከዚያ ተነሣና ወጣ። ቶሎ ሲነሣ ስታየው ያ የመጀመሪያዋ ነው። ግቢ ውስጥ የተደፋው በርሜል ላይ ጀርባውን ለቤቱ ሰጥቶ ተቀመጠ። እናቷ ውሃ አመጣችለት፤ ተቀበላትና ሳይጠጣው ያዘው።

«እኔ አልችልም» አላት። «አትዘኝብኝ፣ እህቴ። እጄ አይታዘዝልኝም።»

«ማን ይችላል ታዲያ?» አለች እናቷ፤ አጠገቡ ቆማ ቀረች።

ልጅቷ መተላለፊያው ውስጥ ሞተሩ ፊት ቆመች። ኮሌታው በአንድ ወገን ተጣጥፏል፤ አስተካከለችው። ከኪሷ ሐምራዊውን ጠርሙስ አወጣችና ክዳኑን አሸተተች። አበባ አበባ ይላል፣ ብዙ አበባ። ነርሷን ልታታልልበት ትችል ይሆናል። ከሥሩ ያለውን ቤንዚን ግን ማን ያታልለዋል? ሲሊንደሩ ከመጋረጃው ወዲያ ሲከፈት፣ ጠብታዋ ከመጋረጃው ወዲህ ስትወርድ ታያት።

ጠርሙሱን ኪሷ ውስጥ መልሳ ከተተችው።

ትንሿ ካቻቢቴ አባቷ ራስጌ፣ ከመድኃኒቶቹ ጋር ነው የምትቀመጠው። እናቷም የስፌት መኪናዋን ስታስተካክል ከዚያው ነው የምትወስዳት። ልጅቷ መጋረጃውን ገልጣ ገባች። አባቷ ዐይኑን ጨፍኗል። እጇን ስትዘረጋ ገለጠው።

«ለምንሽ ነው?»

ለስፌት መኪናው ነው ማለት ትችል ነበር። አፏ ላይ ደርሶ ነበር። በመስኮቱ የመልህቅ ሰፊ ጀርባ ይታያል።

«ትንሿን ብሎን ልፈታ ነው፣ አባዬ» አለች።

አባቷ አያት። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ፊቱ ላይ የነበረ አንድ ነገር ቀስ ብሎ ለቀቀው፣ ከባድ ዕቃ ተሸክሞ የቆየ ሰው ሲያስቀምጥ እንደሚሆነው። ዐይኑን ወደ ጣሪያው አዞረ። ትንፋሹ ወጣ፣ ገባ፣ በመሃል ተሰናከለ። ካቻቢቴዋን ይዛ ጠበቀች፤ እጇ ላይ ቀዘቀዘቻት።

«መጀመሪያ የጓሮውን በር ክፈቺ» አለ በመጨረሻ። «ነፋስ ይግባ። ምድጃ አለመለኮሱን እይ።»

«እሺ።»

«ክዳን ያለውን ጣሳ ከሥሩ አድርጊ። ፕላስቲክ እንዳይሆን።»

«እሺ፣ አባዬ።»

«ብሎኗ እንዳትወድቅብሽ። ሰጋቱራ ውስጥ ከገባች አትገኝም።»

በሩን ከፈተች። ጣሳውን አደረገች። ተንበርክካ አቡጀዲውን ወደ ላይ ሰበሰበችና ብሎኗን በጣቷ ፈለገቻት። መጀመሪያ አልንቀሳቀስ አለች። ከዚያ ላላች፣ ዞረች፣ ቀዝቃዛው ቤንዚን በጣቶቿ መሃል ወረደ። ጣሳው ውስጥ ሲወርድ ቀጭን ድምፅ አለው። በዝምታው ውስጥ ከመጋረጃው ወዲያም እንደሚሰማ አወቀች፣ ምክንያቱም አባቷ ሳሉን ይዞት ነበር።

«አለቀ?» አለ።

«ገና ነው።»

የቤንዚኑ ድምፅ ሳሳ። በየመሃሉ መቆራረጥ ጀመረ።

«አሁንስ?»

አንዲት ጠብታ ተንጠለጠለች። ልጅቷ ጠበቀቻት። ወደቀች። ሌላ አልተከተለም።

«አለቀ» አለች።

«ጥረጊው። ብሎኗን መልሰሽ እሰሪያት፣ ግን አታጥብቂያት። ልብሱን አልብሺው።»

እንዳላት አደረገች። ሰጋቱራውን ለወጠች፣ ወለሉን በሳሙና አጠበች። ጣሳውን ከድና ወደ ግቢ ስታወጣ መልህቅ ከበርሜሉ ተነሣ። ምን እንደያዘች አየ። ምንም አልጠየቃትም። ጣሳውን ተቀበላት፣ ጋሪው ላይ አስቀመጠውና ባዶውን ጋሪ እየገፋ ወጣ።

ስትመለስ አባቷ እጁን ዘረጋላት። እጇን ሊይዝ የፈለገ መስሏት ጠጋ አለች፤ እሱ ግን ካቻቢቴዋን ነበር የፈለገው። ሰጠችው። ትራሱ ሥር አደረጋት።

ሰባት ሰዓት ላይ ነርሷ መጣች። መተላለፊያው ላይ ቆማ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ አሸተተች። ጎንበስ ብላ ትሪውን አየች። ከዚያ ወደ በሩ ዞራ ሲሊንደሩን ለተሸከሙት ሰዎች እንዲያስገቡት ምልክት ሰጠች።

አባቷ የነፋሱ ወቅት ሳያልፍ ሞተ። ሞተሩ ባለኮሌታ ልብሱን ለብሶ እዚያው መተላለፊያ ውስጥ ቆሞ ከረመ። ሐይቁ ጸጥ ብሎ የተገለበጡት ጀልባዎች ሲነሡ ልጅቷ ትሪውን ከሥሩ ስባ አወጣችው፤ ሰጋቱራው ደረቅ ነበር።