ጁምዓ ቀረ የተባለው መካኒክ

አስክሬኑ የነበረው በቡና ማድረቂያው ግንብና በቀይዋ የስፖርት መኪና አፍንጫ መካከል ነው። ኢንስፔክተር ኩልሱም ከጅማ አጋሮ ያለውን መንገድ ወገቧን ይዛ ጨርሳ ስምንት ሰዓት ላይ ስትደርስ፣ የከተማው ሰው ፍርዱን ሰጥቶ አብቅቷል። ሟቹ ሙርሺድ የሚባል የጊንጆ ሰፈር መካኒክ ነው፤ ዕድሜው ሃያ ስድስት። ሰው ሁሉ ጁምዓ ሲሰግድ እሱ ጭር ያለ ግቢ አግኝቶ ጎማ ሲያጨስ ቆየ፤ ከዚያ ማርሹን ሳያወጣ ወረደ፤ መኪናዋም ሄዳ ከግንቡ ጋር አጣበቀችው። በቃ፣ ይኸው ነው። ኩልሱም በሃያ ሁለት ዓመት የፖሊስነት ዘመኗ እንዲህ ተጠናቆ የቀረበላት ታሪክ ሁሉ እንደገና አሠርቷታልና ገና ስትሰማው ደከማት።

የሟቹ እህት ሀያት በሩ ላይ ጠበቀቻት። አላለቀሰችም።

«አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት» አለች። «ነገ ይቀበራል። ሰው ሁሉ ‹ጁምዓ ትቶ ሲጫወት ሞተ› እያለ ነው። እናቴ ሞቱን ትችለው ይሆናል፤ ይሄን ግን አትችለውም። ወንድሜ ጁምዓ ቀርቶ አያውቅም።»

«ጎማ ማጨስ ይወድ ነበር?»

«ይጠላው ነበር እንጂ! የጅብሪልን ጎማ በወር ሁለቴ የሚቀይረው እሱ አይደል? ‹ጎማውን ይጨርሳል፣ ጊርቦክሱን ይገድላል፣ ጭሱም ቡናው ላይ ያርፋል› ይለው ነበር። ጅብሪል ይስቃል።»

«ሳይቀበር እነግርሻለሁ» አለች ኩልሱም። ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ተቆጨች።

ጅብሪል የመኪናዋ ባለቤት፣ የግቢው ጌታ የሀጂ አባቦራም ልጅ ነው። ረጅም ነው፤ በቢሮው ጠባብ ወንበር ላይ ጉልበቱን የሚያደርግበት ጠፍቶታል።

«ወላሂ ጠዋት ጅማ ነበርኩ። ስድስት ሰዓት ላይ ከሚኒባስ ወርጄ ቀጥታ መስጊድ ገባሁ። መኪናዋ ጎማ እንዲቀየርላት ከትናንት ጀምሮ ሙርሺድ ጋር ናት፤ ዛሬ ጨርሶ እዚህ ግቢ ሊያመጣት ነበር።»

«ይሄ በርንአውት የምትሉት ነገር፣ ደስታው ምኑ ላይ ነው?»

ወጣቱ ጥቂት አሰበ። «ፍሬኑን በአንድ እግሬ እይዛለሁ፣ ነዳጁን በሌላው እረግጣለሁ። የኋላው ጎማ ባለበት ይሽከረከራል፣ ጭሱ ይሸፍነኛል። ለአንድ ደቂቃ ማንም አያየኝም። የሀጂ ልጅ አይደለሁም፣ ማንም አይደለሁም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጭሱ ይጠፋል። አባዬ ይቆጣል።»

ሀጂ አባቦራ አጭር፣ ነጭ ጢማም ሽማግሌ ናቸው። መቁጠሪያቸውን ይዘዋል፤ አይቆጥሩበትም።

«የሸይጧን ጨዋታ ነው ብዬ ነበር» አሉ። «ላስቲክ ላስቲክ የሚሸት ቡና ማን ይገዛኛል? እኔ ሠላሳ ዓመት ከሊሙ ገነት ቡና በጭነት መኪና ሳመላልስ አንድ ጎማ በከንቱ አልበላሁም። ኤዬ፣ የዛሬ ልጅ አይሰማም። አላህ ይርሐመው።»

«እርስዎ ጁምዓ የት ሰገዱ?»

«እዚሁ፣ የመጀመሪያው ሰልፍ ላይ። ከተማው በሙሉ አይቶኛል።»

የቡና አድራቂዎቹ አለቃ ብርሃንነሽ ጁምዓ የሌለባት ክርስቲያን ስለሆነች ግቢው ውስጥ የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች። እያወራች የነጠላዋን ጫፍ ትፈትላለች።

«ሴቶቹ አምስት ሰዓት ላይ ሄዱ። እኔ በር ላይ ነበርኩ። ስድስት ተኩል ሲሆን ጎማው ጮኸ። ልማዳቸው ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

«ቡናውን ማን ሸፈነው?»

«እኔ ነኛ!» አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት። «ዛሬ ጠዋት ታጥቦ ከገንዳ ወጥቶ የተሰጣ እርጥብ ቡና ነው። ስድስት ሰዓት ሲሆን ካልተሸፈነ የቀትር ፀሐይ ልባሱን፣ ስስ ቅርፊቱን፣ ይሰነጥቀዋል። እኔ ባለሁበት አንድም ቀን ሰዓቱ አልፎ አያውቅም።»

ኩልሱም አመሰገነቻትና ወጣች። መጀመሪያ ወደ አስክሬኑ ሄደች። ከግንቡ ላይ ቧንቧ ወጥቷል፤ ከሥሩ የሟቹ ሰንደል ጫማ ጎን ለጎን ተቀምጧል። እጅጌውና ሱሪው ተጠቅልሏል። ቀኝ እግሩ ታጥቦ ጸድቷል፤ ግራው ጣቶቹ መሃል ገና የመኪና ግራሶ አለበት። ከዚያ መኪናዋን ከፈተች፤ አውቶማቲክ ናት፣ ፔዳሏ ሁለት ብቻ ነው። ወንበሩ መሪው ድረስ ተጎትቷል፤ አብሯት የመጣውን ሳጅን ዋቅጋሪን ግባ ብትለው ጉልበቱ አላስገባው አለ። ሲሚንቶው ላይ የጅብሪል የቆዩ ክብ ክብ ጥቁር መስመሮች ሞልተዋል፤ አዲሶቹ ግን ሁለት ብቻ ናቸው፣ አጭርና ቀጥ ያሉ፣ ወደ ግንቡ የሚሄዱ። በመጨረሻ ከመኪናዋ ጀርባ ያለውን፣ ቡና የሚሰጣበትን አልጋ ሸራ በእጇ ዳበሰች። ንጹሕ ነው። ገልጣው ከሥሩ ጎንበስ ብላ አሸተተች፣ በጣቷም ነካች፤ ለረጅም ጊዜ ቀና አላለችም። ወገቧ ብቻ አልነበረም ያቆያት።

አሥር ሰዓት ላይ አራቱን አልጋው ዳር ሰበሰበቻቸው። ዋቅጋሪ ወንበር አመጣላት፤ ተቀመጠች።

«ሸራውን አንሺው» አለቻት ብርሃንነሽን።

ብርሃንነሽ አነሳችው። በነጣው ቡና ላይ ደቃቅ ጥቁር የላስቲክ ብናኝ ተበትኗል። ሴትዮዋ ከማንም ቀድማ ገባት፤ ሸራውን እንደያዘች ቀረች።

«ጎማው የጮኸው ስድስት ተኩል ከሆነ ብናኙ ሸራው ላይ ባረፈ ነበር» አለች ኩልሱም። «ያረፈው ቡናው ላይ ነው። ቡናው የተሰጣው ዛሬ፣ የተሸፈነው ስድስት ሰዓት። ስለዚህ ጎማው የተቃጠለው ከስድስት በፊት፣ ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ ነው። ሙርሺድ ጁምዓ ሳይገባ ሞቷል። ደግሞ ሲጫወት አልነበረም። ጫማውን አውልቆ፣ ቀኝ እግሩን አጥቦ፣ ግራው ቀርቶት ነበር። ለሶላት ውዱእ እያደረገ ነበር።»

ሀያት እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«መሪው ላይ የነበረው ሰው አጭር ነው። ጅብሪል ጎማ ሲያጨስ ክብ ይሠራል፤ ይሄ ሰው ግን ለመጫወት አልገባም። በማርሽ መኪና ያደገ ሰው አውቶማቲክ ውስጥ ሲገባ ግራ እግሩ ፍሪሲዮን ይፈልጋል። እዚያ ያለው ፍሬን ነው። እሱን ጥርቅም አድርጎ ረግጦ፣ በቀኙ ነዳጅ ይሰጣል። ጎማው ባለበት ይጮኻል፣ ይጨሳል። ከዚያ ፍሪሲዮን እንደሚለቅ ሰው ግራ እግሩን ያነሳል። ብርሃንነሽ መንዳት አትችልም። ጭነት መኪና ሠላሳ ዓመት የነዳው አንድ ሰው ነው።»

ማንም ወደ ሀጂ አባቦራ አልዞረም፤ ሽማግሌው ራሳቸው ናቸው የተናገሩት።

«‹ይቺን ነገር ከቡናዬ አጠገብ አንሳልኝ› አልኩት። ‹ውዱእ ልጨርስ ሀጂ፣ አንድ እግር ብቻ ቀርቶኛል› አለኝ። አንድ እግር መጠበቅ አቃተኝ፤ ገባሁ። ወደ ኋላ ልወስዳት ማርሹን ወደ ኋላ ሳብኩት። የእሷ ማርሽ ግን ወደ ኋላ ሲሳብ የሚያስኬደው ወደ ፊት ነው፤ ወደ ፊት ሄደች። ወዲያው ነው የሞተው። መስጊድ ሄጄ ልናገር ነበር፣ ወላሂ። ሰው ሁሉ እጄን ጨበጠኝ፤ ቦታ ለቀቀልኝ። ቃሉ አልወጣልህ አለኝ።»

«አንቺስ?» አለች ኩልሱም።

«‹ስድስት ተኩል ነው በይ› ብለው ለመኑኝ» አለች ብርሃንነሽ። «አሥራ ስምንት ዓመት እንጀራቸውን በልቻለሁ።»

«ልጁ እዚያ ተጣብቆ እያለ ነው ቡናውን የሸፈንሽው?»

«ሰዓቱ ደርሶ ነበር» አለች፤ የተናገረችውን ጆሮዋ ሲሰማው መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ጅብሪል የመኪናዋን ሁለተኛ ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ የሚሰጠው ሰው ፈለገ፤ ማንም አልተቀበለውም። ያን ሁሉ ጎማ ያቃጠለው እሱ ሰው አልነካም። ጨዋታውን የጠሉት አባቱ አንዴ፣ ሳያውቁት ቢያቃጥሉ ሰው ሞተ። ኩልሱም ከዚህ የሚወጣውን ትምህርት ለማውጣት አቅም አልነበራትም፤ ሀጂን ለካቴና እጃቸውን እንዲዘረጉ ነገረቻቸው።

ሀያት ግን መንገዱን ዘጋች።

«ሀጂ፣ እስር ቤት ቢገቡ ለእናቴ ምን ይጠቅማታል? ያ ሰልፍ ላይ ቆመው ያልተናገሩትን ነገ እዚያው ይናገሩ።»

ሽማግሌው ኢንስፔክተሯን አዩ። ደንቡ አይፈቅድም፤ ኩልሱም ታውቀዋለች። አለቃዋ የሚላትንም አስቀድማ ታውቀዋለች።

«ዋቅጋሪ» አለች፣ «ነገ ከዙህር ሶላት በፊት መኪናውን አዘጋጅ።»

በማግስቱ ጀናዛው መስጊዱ ግቢ ሲደርስ ሀጂ አባቦራ በሁለት ፖሊስ መሃል ገቡ። የመጀመሪያው ሰልፍ እንደ ልማዱ ቦታ ሊለቅላቸው ሸሸት አለ፤ እሳቸው አልገቡበትም። ሀያትና እናቷ ከሴቶቹ ጋር በር ላይ ቆመዋል።

«ሙርሺድ ጁምዓ አልቀረም» አሉ ሀጂ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «እኔ ነኝ ያስቀረሁት። የገደልኩትም እኔ ነኝ።»

እናትየዋ ያኔ አለቀሰች። ወንዶቹ ቀስ እያሉ ሰልፋቸውን አስተካከሉ፤ ኢማሙም ሶላቱን ጀመረ።