አረንጓዴው ቆሻሻ አይደለም

ቃል ቆጥቦ ስለሚያወጣ «ጠብታ» ይሉታል። ሥራው የቤተ ሙከራውን ብልቃጥ ማጠብ ነበር። እሷ እዚያው ቤተ ሙከራ የምትመራመር የዶክትሬት ተማሪ ነች። አንድ ከሰዓት በጨለማው ክፍል በር ላይ ተጋጩና ከእጇ ያመለጠውን ብልቃጥ ቀለበው። ከዚያ ወዲህ ልኬት በወሰደች ቁጥር አጠገቧ ቆሞ ያያል፤ ብልቃጡን ይሁን እሷን፣ እሱ ያውቃል።

የምታጠናው ብርሃን ሲያርፍበት የሚፈካ ቀለም ነው። ሞለኪውሉ ብርሃን ሲውጥ አንዲት ፕሮቶን ከቦታዋ ተነስታ እዚያው ወዳለ ሌላ አቶም ትሻገራለች፤ ያኔ አረንጓዴ ያበራል። ሞለኪውሎቹ አዎንታዊና አሉታዊ ጫፍ ባላቸው፣ «ፖላር» በሚባለው አልኮል ውስጥ ግን ፈሳሹ ፕሮቶኗን ይዞ ያስቀራታል፤ ብርሃኑም ሰማያዊ ይሆናል።

የቤተ ሙከራው ኃላፊ የሆኑት ፕሮፌሰር አላመኑም። «አረንጓዴው ቆሻሻ ነው» አሉና ጠብታን አስጠሩት። «ዕቃው በደንብ አልታጠበም ብለህ ፈርም። ማንም አይነካህም።»

«አልፈርምም።»

«ሥራህን አስብ!»

«አስቤያለሁ። በሰው ስም ላይ ጭቃ ልለጥፍ አልተቀጠርኩም።»

በማግስቱ ወደ መጋዘን አዛወሩት። እንደሰማች ሮጣ ሄደች፤ በካርቶን ክምር መሃል አገኘችው።

«ምን አስደፈረህ?»

«አረንጓዴ ነበራ! በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

ሳቀች፤ ወዲያው ዓይኗ እንባ አቀረረ። እጇን ስትዘረጋለት አቧራውን በሱሪው ጠርጎ ያዛት።

ወሬው አባቷ ጆሮ ደረሰ።

«ዶክተር ልትባይ አንድ ሐሙስ ሲቀርሽ፣ ዕቃ አጣቢ?»

«አዎ፣ አባዬ። ዕቃ አጣቢ።»

«ሥራሽን ያበላሸብሽ እሱ ነው አሉ!»

«አሉ ነው። መጥተህ ራስህ እይ።»

ጥናቷን በምታቀርብበት ቀን አዳራሹ ጢም አለ፤ አባቷም መጥተዋል። ጠብታ ሳያስፈቅድ ከመጋዘን መጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። እሷ ከፋብሪካ እንደታሸጉ የመጡ ብልቃጦችን ሁሉም እያያት ከፈተች።

«እነዚህን ማንም አላጠባቸውም።»

ቀለሙን ፖላር ባልሆነ ፈሳሽ በጠበጠችና መብራቱን አበራችበት። አረንጓዴ! አልኮሉን በጥቂት በጥቂቱ ስትጨምር አረንጓዴው እየከሰመ ሰማያዊው ጎላ።

«በጨመርኩት ልክ ይለወጣል» አለች ፕሮፌሰሩን ዓይን ዓይናቸውን እያየች። «ቆሻሻ እንዲህ ሥርዓት አያውቅም!»

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉ፤ መልሰው አጠለቁ። «ቀጥዪ» አሉ ቀስ ብለው።

ስትጨርስ ጭብጨባው ሳይበርድ ጠብታን እጁን ይዛ አባቷ ፊት አቆመችው።

«አባዬ፣ የማገባው ይህን ነው።»

«እኔ ካልፈቀድኩስ?»

«ጥሪው ይደርስሃል።»

ደረሳቸው። በሠርጉ ቀን ከሁሉ ቀድመው መጥተው የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ፊታቸውን ግን አልፈቱም።