የፍስኩ ፍሪጅ ዘበኛ

ፍንዳታው ጋራዡን ሲያናውጠው ኖላዊት ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ ቁጭ አለች። የጎረቤት ውሻ መጮህ ጀመረ፤ ጣሪያው ላይ የነበሩት ቁራዎች ግር ብለው ተነሱ። አባቷ ገብረሕይወት ግን በጭሱ መሃል ቆሞ እንደ ልጅ ይስቃል።

«ሠራ! አየሽው? መቶ ዓመት ያለፈው ዕቃ ሠራ!»

«አባዬ፣ አር ዩ ክሬዚ? ሰው እኮ ፖሊስ ይጠራል!»

«ለአንድ ጊዜ ማንም አይጠራም። ጎማ ፈነዳ ብለው ዝም ይላሉ።»

ገብረሕይወት በሥራው የባቡር ኤሌክትሪክ ጠጋኝ ነው፤ በትርፍ ሰዓቱ ደግሞ የሞተ ዕቃ አስነሺ። ቅዳሜ ሲመጣ የሟች ዕቃ ወደሚሸጥባቸው ቤቶች ይሄድና ሌላ ሰው ዞሮ የማያየውን ነገር ተሸክሞ ይመለሳል። ይህን ሣጥንም ያገኘው ታኮማ በምትባል ጎረቤት ከተማ፣ አንድ አሮጌ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ነው።

ሣጥኑ የጫማ ካርቶን ያህላል። ውጪው ጥቁር እንጨት፣ ውስጡ ነሐስ በነሐስ ነው። ሽቦ የተጠቀለለበት ብረት፣ ከፊቱ አንዲት የብረት ምላስ፣ ከሷ ጋር የተያያዘ ትንሽ መዶሻ፣ ከመዶሻው ሥር ደግሞ ስድስት ጥይት የሚጎርስ ክብ ነገር አለው። የተገጠመበት በር ሲከፈት ሁለት ቀጫጭን ነሐሶች ይነካካሉ፤ ኤሌክትሪክ ሽቦው ውስጥ ያልፋል፤ ብረቱ ማግኔት ይሆንና ምላሷን ይስባታል፤ መዶሻው ጥይቱ ላይ ይወርዳል። ጥይቶቹ እርሳስ የላቸውም፤ ባሩድ ብቻ ናቸው።

«ሰው አይጎዳም» አለ አባቷ። «ወኔውን ብቻ ነው የሚወስድበት። የድሮ ሀብታሞች ሌባ የሚያባርሩት በዚህ ነበር።»

«የኛ ሌባ እኮ የሚሰርቀው እንቁላል ነው።»

«ሌባ ሌባ ነው።»

ነገሩ ሁሉ የመጣው ከፍስክ ፍሪጅ ነው። ሁዳዴ ሲገባ እናቷ ተናኘ የወጥ ቤቱን ፍሪጅ ታጥብና እንቁላሉን፣ ወተቱን፣ ቅቤውን፣ አይቡን ሁሉ ጋራዥ ወዳለው አሮጌ ፍሪጅ ታሳድደዋለች። ከዚያ እስከ ፋሲካ ማንም አይነካውም። በቅናሽ የተገኘ እንቁላልም ለፋሲካው ዶሮ ወጥ እየተባለ እዚያው ይጠራቀማል። ዘንድሮ ግን እንቁላሉ እንደ መጠራቀም መጉደል ጀመረ። እናቷ መጀመሪያ «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አለች። አንድ ቀን ግን የጋራዡ የጎን በር ሳይቆለፍ ተገኘ። ካሜራ ቢገዛም የቤቱ ዋይፋይ ጋራዡ ጋ ሳይደርስ ይሞታል።

«ገብረሕይወት! ምንድን ነው የተተኮሰው?» የሚል ድምፅ ከቤቱ መስኮት መጣ። እማማ ወለተጊዮርጊስ ናቸው፤ የአባቷ አክስት። ካገር ቤት ከመጡ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው።

«ጎማ ነው እትዬ! ጎማ ፈነዳ!» ብሎ ጮኸና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለሳቸው እንዳትነግሪ፤ ደማቸው ከፍ ይላል። ይህን ማጥፊያ እኔ፣ እናትሽና አንቺ ብቻ ነን የምናውቀው።» ሣጥኑ ከተገጠመበት የጎን በር ውጪ፣ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር የደበቃትን ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አሳያት። «ሳትገቢ በፊት ወደ ታች። ለዚያ ልጅም ትንፍሽ እንዳትይ።»

«ለየትኛው ልጅ?»

«ለሚኪ። ቁልፉ አበባው ሥር እንደሚቀመጥ ያውቃል።»

 ኖላዊትን ደስ ያላላት ነገር ቢኖር አባቷ ሚኪን መጠርጠሩ ሳይሆን እሷም በሆዷ ስታስበው መሰንበቷ ነበር።

ሚኪ ስካይዌይ በሚባለው ሰፈራቸው ከነሱ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ነው የሚኖረው። ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ አብረው ተምረዋል። ቅርጫቱ የተሰቀለው እነ ኖላዊት ጓሮ ስለሆነ የቅርጫት ኳሱም ጋራዣቸው ውስጥ ያድራል። በዚያ ላይ ጾም አይወድም። «ሽሮ አንገሸገሸኝ፣ ላይክ፣ ለሪል» ይላል በየቀኑ። ኖላዊት አንዴ መጠርጠር ከጀመረች ወዲህ ሁሉ ነገሩ ምስክር ሆነባት። ቦርሳው ያበጠ መሰላት። ጓሯቸውን አቋርጦ ሲሄድ ቸኮለ። ስለ እንቁላሉ ስታነሳበት ወሬ ቀየረ። እውነት ወሬ ቀይሮ ይሁን ወይስ ለሷ መስሏት፣ አታውቅም።

ያን ሰሞን ደግሞ የቤታቸው ሻይ መሽተት ጀመረ። «ይሄ ውሃ ምን ሆኗል?» አለች እናቷ ፊቷን አጨማዳ። ጥፋቱ በቧንቧው ተሳበበ። አባቷም ማጣሪያ ሊሠራ ዛተ።

ረቡዕ ትምህርት ቤት ቀደም ብሎ ይለቀቃል። ኖላዊትና ሚኪ ኦቴሎ ጣቢያ ከባቡሩ ወርደው 106 አውቶቡስን እየጠበቁ ነበር። ከፊት ለፊታቸው ካለው ሱቅ የሳምቡሳ ሽታ ይመጣል።

«ሚኪ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እንዳትናደድ።»

«እንዳትናደድ ከተባልኩ ልናደድ ነው። ሶ፣ ምንድን ነው?»

«ከኛ ጋራዥ… እንቁላል ወስደህ ታውቃለህ?»

ሚኪ ሳቀ። ፊቷን ሲያይ ሳቁን አቆመ።

«ሲሪየስሊ?»

«አባዬ ነው እንጂ እኔ…»

«አባትሽን ተያቸው። እሳቸው ሁሌም ግቢያችሁ ስገባ ኪሴን ነው የሚያዩት። አንቺስ? አንቺ ምን ትያለሽ?»

«አይደለህም» ማለት ብቻ ነበረባት። ኖላዊት ግን ዘገየች። የዘገየችው ትንሽ ነው፤ ሚኪ ግን ጠብቆ አየው።

«ኦኬ» አለ።  «ኳሴ እናንተ ጋ ነው። አሁን ሄጄ አወጣዋለሁ። ከዚያ በኋላ ደጃችሁ አልደርስም።»

አውቶቡሱ መጣ። ሚኪ ዘሎ ገባ። እሷ «ቆይ!» ስትል በሩ ተዘጋ።

ኖላዊት እፍረት ፊቷን እያቃጠላት ቆመች። ከዚያ ሣጥኑ ትዝ አላትና እፍረቱ ወደ ፍርሃት ተለወጠ። ጥይቱ እርሳስ የለውም፤ ተኩስ ሰምቶ ስልክ የሚያነሳው ጎረቤት ግን ይህን አያውቅም። የሚመጣው ፖሊስም አያውቅም። ፖሊሱ የሚያየው ከሰው ጓሮ እየሮጠ የሚወጣ ረጅም ጥቁር ልጅ ነው።

ሚኪን ኮል አደረገች፤ አላነሳም። «ጋራዡን እንዳትከፍት። ፕሊስ። ይተኩሳል» ብላ ቴክስት ላከች። ለአባቷ ደወለች፤ ሥራ ላይ ስልኩ ዝግ ነው፤ የእናቷም እንዲሁ። እማማ ወጥተው ሚኪን እንዲያስቆሙት ቤት ደወለች። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። እማማ ሁልጊዜ በሦስተኛው ጥሪ ያነሱ ነበር።

የሚቀጥለው አውቶቡስ ሲመጣ እያንዳንዱ ፌርማታ ላይ የሚወርደውን ሰው ሁሉ በሆዷ ረገመች። ወርዳም ዳገቱን በሩጫ ወጣችው። ምንም ድምፅ የለም። ጓሮውን ስትዞር የጋራዡ የጎን በር ላይ ቁልፍ ተሰክቷል። ቁልፉን የያዘው እጅ ግን የሚኪ አልነበረም።

«እማማ! አይክፈቱት!»

እማማ ወለተጊዮርጊስ ክው ብለው ቀሩ። ነጠላቸውን አጣፍተዋል፤ እግራቸው ላይ የተናኘ ነጠላ ጫማ አለ፤ በግራ እጃቸው የተጣጠፈ ባዶ ፌስታል ይዘዋል። ኖላዊት እየተንደረደረች ሄዳ ማጥፊያውን ወደ ታች አደረገችና ጣሪያው ሥር ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ቆመች።

«ያዝሽኝ» አሉ እማማ። ሊዋሹ እንኳ አልሞከሩም። ደረጃው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«እርስዎ ነዎት? እንቁላሉን?»

«እኔ ነኝ። በሳምንት አንዴ የሚበቃኝን እወስዳለሁ። የደም ግፊቴን ክኒን በባዶ ሆዴ እየዋጥኩ ሁለት ጊዜ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቄያለሁ። ሐኪሟ በአስተርጓሚ ‹ከክኒኑ ጋር እንቁላል ይብሉ› አለችኝ። እኔም እሺ አልኳት።»

«ታዲያ ለምን አይነግሩንም? ንስሐ አባትዎ እኮ ይፈቅዱልዎታል።»

«ይፈቅዱልኛላ! እሱን አይደል የፈራሁት?» አሉ እማማ ድምፃቸው ከፍ ብሎ። «ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ጾሜያለሁ። አንዴ ከተፈቀደልኝ አበቃ፤ ያለቀልኝ አሮጊት ነኝ። አባትሽ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ‹እትዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አይቀምሱም› እያለ ይኮራብኛል። እንዴት ብዬ ልንገረው?»

«ግን የት ነው የሚቀቅሉት? ምንም አይሸትም እኮ።»

እማማ አንገታቸውን ደፉ። «በሻይ ማፍያው።»

ኖላዊት አፏን ያዘች። መሳቅም ማልቀስም ቃጣት። አባቷ ማጣሪያ ሊሠራለት የዛተውን ቧንቧ አስታወሰች።

«ደግሞስ ምን አግኝቶሽ ነው በሩን አትክፈቱ ብለሽ የጮህሽው?»

ነገረቻቸው። ስለ ሣጥኑ፣ ስለ ጥይቱ፣ ስለ ቅዳሜው ፍንዳታ። እማማ ዓይናቸው ፈጠጠ።

«ጎማ ነው አለኝ እኮ! እኔን አክስቱን ይዋሸኛል?» ብለው ተቆጡ። ከዚያ በእጃቸው ያለውን ፌስታል አዩና ነጠላቸው ሥር ከተቱት።

«እማማ፣ አባዬ የሚጠረጥረው ሚኪን ነው» አለች ኖላዊት። «እኔም ጠርጥሬዋለሁ። ዛሬ ፊት ለፊት ጠየቅኩት።»

«ያንን ልጅ? በኔ ሰበብ?» እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።  «እኔው ራሴ ለአባትሽ እነግረዋለሁ። እስከ ሆሣዕና ታገሺኝ። ድፍረት ላሰባስብ።»

እስከ ሆሣዕና ለእማማ አጭር ነው። ለሚኪ ግን ረጅም መሆኑን ኖላዊት አስባ ቃል አልሰጠችም። ክንዳቸውን ይዛ አስነሳቻቸውና እስከ ወጥ ቤቱ በር ሸኘቻቸው።

ስትመለስ ሚኪ አጥሩ ጋ ቆሟል። ስልኩን እንደያዘ ነው፤ ወደ ግቢው አንድ እርምጃ አልገባም።

«ቴክስትሽን አይቼ መጀመሪያ ቤቴ ሄድኩ። ይተኩሳል ማለት ምን ማለት ነው?»

«አባዬ ለሌባው ያዘጋጀው ነው። ድምፅ ብቻ ነው። ግን…»

«ግን እኔ ላይ ነበር የሚተኩሰው።»

«አዎ» አለች ኖላዊት።  «ኦቴሎ ላይ ስትጠይቀኝ ዘገየሁ። መዘግየት አልነበረብኝም። ይቅርታ ሚኪ።»

ሚኪ መሬቱን አየ። ግን አልሄደም። ኖላዊት ጋራዥ ገብታ የሣጥኑን ክዳን ከፈተችና ጥይቶቹን አንድ በአንድ አወጣች። ቀዝቃዛ ነበሩ፤ ከጠበቀችው በላይ ትንንሽ። ከጋራዡ ስትወጣ የአባቷ መኪና ግቢ ውስጥ ገባ።

ገብረሕይወት ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ። የተከፈተውን በር አየ፤ አጥሩ ጋ ያለውን ሚኪን አየ፤ ፊቱ በራ።

«ያዝሽው?»

«ሚኪ አይደለም አባዬ።»

«ማነው ታዲያ?»

የወጥ ቤቱ መጋረጃ በትንሹ ተነቃነቀ። ኖላዊት አየችው፤ ዓይኗን ግን ወዲያው መለሰች።

«አልነግርህም።»

«አልነግርህም? ምን ማለት ነው?» ቀረብ አለ። «አንቺ ነሽ እንዴ?»

አዎ ብትል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ውሸት ግን በዚህ ቤት ሰሞኑን በዝቷል።

«እስከ ዛሬ አልነበርኩም። ከዛሬ ጀምሮ ግን እኔ ነኝ። በየቀኑ ሁለት እንቁላል እወስዳለሁ። ለማን እንደሆነ እንዳትጠይቀኝ።» መዳፏን ዘረጋች።  «ጥይቶቹ እነዚህ ናቸው። መልሰህ ካስገባሃቸው የሚተኮሰው እኔ ላይ ነው።»

አባቷ ጥይቶቹን ተመለከተ። ሊቆጣ አፉን ከፈተ። በዚህ መሃል ከወጥ ቤቱ የሻይ ማፍያው መፍላት ተሰማ፤ ቀጥሎም ቀጭ ብሎ ጠፋ። ገብረሕይወት ወደ መስኮቱ ዞረ፤ በዚህ ሰዓት ቤት ውስጥ ያሉት አክስቱ ብቻ ናቸው፤ ብዙ ጊዜም እዚያው አየ። ሲመለስ አፉን ዘግቶ ነበር።

ኖላዊት ቁልፉን ለሚኪ ዘረጋችለት።

«ኳስህን ራስህ ገብተህ አውጣ። ስትወጣም ቆልፈው።»

«አይተኩስም?»

«አይተኩስም።»

ሚኪ በአባቷ አጠገብ አለፈ። ገብረሕይወት መንገድ ለቀቀለት፤ ኪሱንም አላየም። ሚኪ በሩ ላይ ሲደርስ ትከሻውን ሰብሰብ አደረገ። ከዚያ ገባ፤ ምንም አልተሰማም። ትንሽ ቆይቶ ኳሱ ሲሚንቶው ላይ ሲነጥር ሦስቱም ደነገጡ።

ኖላዊት ከኋላው ገብታ የፍስኩን ፍሪጅ ከፈተች። ሁለት እንቁላል አነሳች። ጃኬቷ ሰፋፊ ኪስ ነበረው፤ ኪሷ ውስጥ ግን አልከተተቻቸውም። በእጇ እንደያዘቻቸው በአባቷ ፊት አልፋ ወደ ወጥ ቤት ሄደች።