የሚሳኤል ተራ

«ደግሞ ራይት አደረግክ?»

ማርቲ የጓሮው በር ላይ ቆማለች። እጇ እስከ ክርኗ የሳሙና አረፋ ነው። ሚሳኤል እስክሪብቶውን ቶሎ ብሎ ኪሱ ከተተ፤ ግን ዘግይቷል። ቁም ሳጥኑ ላይ በተለጠፈው ወረቀት፣ «ሐሙስ፦ ሰሃንና ውሃ፦ ሚሳኤል» ከሚለው ጎን አዲስ ራይት ተቀምጧል።

«ሰሃኑ ታጥቧል አይደል እንዴ?» አላት።

«ታጥቧል! ማን አጠበው?»

«እኔ ልነሳ ስል እትዬ ወጋየሁ ናቸው ተቀመጥ ያሉኝ። ምን ላድርግ ታዲያ? ከእሳቸው ጋር ልጣላ?»

ማርቲ አረፋውን ከእጇ አራግፋ ወደ ጓሮ ተመለሰች። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ወረቀቱን የለጠፈችው እናታቸው ወርቄ ናት። ወርቄ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ትሠራለች። አባታቸው ከበበው የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ከወር ሃያውን ቀን መንገድ ላይ ነው። ሐና ማርያም ያለው ቤታቸው ውስጥ የቤት ሥራ እኩል ይከፈላል የሚለው ሕግ የወጣው ሚሳኤል ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው ነበር። «እኔ ከአራተኛ ክፍል የቀረሁት የሦስት ወንድሞቼን ልብስ ሳጥብ ነው፤» ትላለች ወርቄ። «ነገ ለሰው ሴት ልጅ ሸክም የሚሆን ወንድ ከእኔ ቤት አይወጣም!» ሚሳኤል ይህን ንግግር በቃሉ ያውቀዋል። እናቱ አፏን ስትከፍት እሱ በሆዱ ይጨርሰዋል። ቢሆንም እያጉረመረመ ይሠራ ነበር። መስከረም መጨረሻ ላይ ወጥ መሥራትም ወረቀቱ ላይ ተጨመረ።

የወጥ ተራው ሳይደርሰው ግን፣ ጥቅምት ላይ የአባቱ ታላቅ እህት እትዬ ወጋየሁ ለዓይን ሕክምና ከመንዝ መጡ። ሐኪሙ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ እየጨመረ እስካሁን፣ እስከ የካቲት አቆያቸው። የእሳቸው ሕግ ሌላ ነው።

«ወንድ ልጅ ማጀት ምን አስገባው? ማርቲ! ተነሺ እንጂ! አንተ አረፍ በል፣ የወንድሜ ምትክ።»

መጀመሪያ ሰሞን ሚሳኤል አፍሮ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ለመደው። በሦስተኛው ሳምንት እናቱ ከሥራ ስትገባ ከሁሉ አስቀድማ የምታየው ወረቀቱን መሆኑን ሲያስተውል፣ እስክሪብቶ ማንሳት ጀመረ።

ማርቲ አንዴ ለመናገር ሞክራለች። እናቷ ግን ከአሥር ሰዓታት ሥራ በኋላ እግሯ አብጦ ነበርና ወደ ቁም ሳጥኑ በጣቷ ጠቁማ፣ «ይሄ ታዲያ ምንድነው? ሁለታችሁም እኩል እየሠራችሁ መካሰሱ ምን ይባላል?» አለቻት። ማርቲ ከዚያ በኋላ ዝም አለች።

ሚሳኤል በአንድ ዓመት ይበልጣታል። ስድስተኛ ክፍልን ስለደገመ ደርሳበት፣ አሁን ሁለቱም ስምንተኛ ናቸው። ሰኔ ላይ ሚኒስትሪ ይፈተናሉ። ባለፈው ሳምንት የሞዴል ፈተናው ውጤት ሲመጣ፣ ሁልጊዜ ሦስተኛ የምትወጣው ማርቲ አሥራ አራተኛ ሆነች። ሚሳኤል ከአሥራ ስምንተኛ ወደ አሥራ አንደኛ ወጣ።

«ወንድምሽ እየሠራም አጥንቷል፤» አለች ወርቄ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ እየጣለች። «አንቺ ምን ሆነሽ ነው? እ?»

ማርቲ ወንድሟን አየችው። እሱ ጫማውን አየ።

ይህ ሁሉ ሳያንስ፣ ያን ሐሙስ ማታ ወርቄ በፈገግታ ገባች።

«ቅዳሜ ገዲሴ ከልጇ ጋር ምሳ ትመጣለች። ሽሮውን የምትሠራው አንተ ነህ።»

«እኔ?»

«አዎ፣ አንተ! ወንድ ልጅ ወጥ ይሠራል ስላት አላምን አለችኝ። መጥታ በዓይኗ ትይ።»

«እማዬ፣ እባክሽ...»

«ምን እባክሽ አለው? በልጄ ብኮራ ምን ችግር አለው?»

ቅዳሜ ገዲሴ ከልጇ ከለሊሳ ጋር ከፉሪ በእግሯ መጣች። ፋብሪካ ውስጥ ከወርቄ ጋር በአንድ መስመር የምትሰፋ የሥራ ባልደረባዋ ናት። ለሊሳ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ ፊቱን እንዳጨፈገገ ገባ። እናቶቹ ሰላምታ ሲለዋወጡ ሚሳኤልን በክንዱ ይዞ ወደ ግቢው አወጣው።

«ሚሳኤል የሚሉህ አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«አቦ፣ ጉድ የሠራኸኝ አንተ ነህ! የወርቄ ልጅ ውሃ ይቀዳል፣ የወርቄ ልጅ ሰሃን ያጥባል፣ የወርቄ ልጅ ወጥ ይሠራል! አምስት ወር ሙሉ ጆሮዬ ደነቆረ። አሁን ቤታችን ውስጥ ልብስ የማጥበው እኔ ነኝ። ያውም የሶፊን፣ የታናሽ እህቴን ጭምር። ኳስ ሜዳ ላይ ምን ብለው እንደሚጠሩኝ ታውቃለህ?»

«ምን ብለው?»

«ተወው።» ለሊሳ አንዲት ጠጠር በእግሩ መታ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሽሮ ግን ለምጄዋለሁ። ሁለቴ አረረብኝ፤ ሦስተኛው ጥሩ ወጣ። አባቴ ራሱ ደግሞ በላ። አንተስ ስንት ጊዜ አረረብህ?»

«እኔ... አንድም ጊዜ አላረረብኝም፤» አለ ሚሳኤል። ይህ ውሸት አልነበረም።

«ሚሳኤል!» እናቱ ተጣራች። «ና እንጂ፣ ቡታጋዙ በርቷል!»

ሚሳኤል ከቤት ሲገባ እትዬ ወጋየሁ ከተቀመጡበት ተነስተው የኩሽናውን በር ዘግተው ቆሙ።

«ወርቄ፣ ኧረ እግዜርን ፍሪ! የወንድሜን ልጅ በእንግዳ ፊት ታዋርጂው? እኔ ከመጣሁ ጀምሮ ይህ ልጅ ማጀት ረግጦ አያውቅም! አንዲት ሰሃን አላጠበም! የምትሠራው ያቺ ልጅ ናት። ምነው ያለ ስሙ ስም ታወጭበታለሽ?»

አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ስሙን ከጥፋት እንዳዳነ ሰው ነው የተናገሩት።

ወርቄ ቀድማ ሳቀች።

«አትፍረጂባቸው፣ ገዲሴ። ዓይናቸውን እየጋረዳቸው ነው። ማን ምን እንደሚሠራ በደንብ አይለዩም።» ከዚያ ወደ ሚሳኤል ዞረች። ፈገግታዋ አሁንም ፊቷ ላይ ነበር፤ ግን ትንሽ ተንቀጥቅጧል።

ሚሳኤል ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ጥቂት ቆይቶ ስለ አክስቱ ዓይን ይወራል፤ ስለ ሐኪሙ ይወራል፤ ነገሩ ያልፋል። ወደ ማርቲ ተመለከተ። ጥግ ላይ ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። ምን ሊል እንደሆነ ለማየት ቀና እንኳ አላለችም። ከእሱ ምንም መጠበቅ ከተወች ቆይታለች።

«ያያሉ፤» አለ።

«ምን?» አለች እናቱ።

«እትዬ በደንብ ያያሉ። እኔ አልሠራሁም። ራይቱን ብቻ ነው ያደረግኩት። ሁሉንም የሠራችው ማርቲ ናት።»

«ምን?!» አለ ለሊሳ ከበሩ ላይ። «አምስት ወር ሙሉ?!» እናቱ ገዲሴ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች፤ ልትስቅ ይሁን ልትቆጣ አይታወቅም።

ወርቄ አልጮኸችም። ወደ ማርቲ ሄደች።

«ማርቲ...»

«ነግሬሽ ነበር፤» አለች ማርቲ።

«አዎ።» ወርቄ አጠገቧ ቁጭ አለች። «ነግረሽኝ ነበር። እኔ ነኝ ያልሰማሁሽ።» ቢላዋውን ከልጇ እጅ ወሰደች። «በቃ፣ ሂጂ አጥኚ።»

ማርቲ ተነስታ ወጣች። ቡታጋዙ ባዶውን ይነዳል። ለሊሳ እንደ ሽማግሌ በረጅሙ ተነፈሰና እጅጌውን ሰበሰበ።

«ቀይ ሽንኩርት የት ነው?» አለ።

ሚሳኤል መደርደሪያውን አየ፤ ከበርሜሉ ኋላ አየ፤ ዘንቢሉን ከፈተ። በገዛ ቤቱ ሽንኩርት የት እንደሚቀመጥ አያውቅም ነበር።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ወርቄ ወረቀቱን ከቁም ሳጥኑ ላይ ላጠችው። ሚሳኤል ቁጣውን ሲጠብቅ ነበር፤ የተዘጋጀ መልስም ነበረው።

«ፋብሪካ ሲቆጣጠሩኝ እውላለሁ፤» አለች ወረቀቱን እያጠፈች። «ማታ ደግሞ ቤቴ ገብቼ ሰው ስቆጣጠር አላመሽም። ደከመኝ፣ ሚሳኤል። ብትሠራም ባትሠራም ራስህ ታውቃለህ።»

እሁድ ቀኑን ሙሉም ስለ ነገሩ አላነሳችም።

ሰኞ የከሰዓት ፈረቃ ገባች። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ተመልሰው ማርቲ የሒሳብ መጽሐፏን እንደከፈተች፣ እትዬ ወጋየሁ ከውስጥ ተጣሩ።

«ማርቲ! እራት ሳይሠራ መሸ እኮ! ተነሺ!»

ማርቲ እስክሪብቶዋን መጽሐፉ ውስጥ አስቀምጣ ልትከድነው ስትል፣ ሚሳኤል ቀድሟት ተነሳ።

«አንቺ ተቀመጪ።»

ማርቲ እስክሪብቶዋን አንስታ ገጹን ገለጠች።

«ወዴት ነው?» አሉት አክስቱ ኩሽናው በር ላይ።

«ሽሮ ልሠራ ነው፣ እትዬ።»

«እኔ በሕይወት እያለሁ? አባትህ ቢሰማ ምን ይላል? ጎረቤትስ ቢያይ?»

«እራት ደረሰ ይላል እንጂ።»

እትዬ ወጋየሁ አማተቡ። መቀመጫ ዱካቸውን አንስተው ኩሽናው በር ላይ ቁጭ አሉ፤ ሊከለክሉት ይሁን ሊታዘቡት እሳቸውም ያወቁ አይመስሉም። ሚሳኤል ቅዳሜ ለሊሳ ሲያደርግ ያየውን እያስታወሰ ሽንኩርቱን አቁላላ፤ ውሃ ጨመረ፤ ውሃው ሲፈላ ሽሮውን በአንድ ጊዜ ገለበጠው። ወዲያው ጓጎለ። በማማሰያው ሲመታው ፈንጥቆ እጁን አቃጠለው።

«እትዬ፣ ሲጓጉል ምን ይደረጋል?»

«እኔን አትጠይቀኝ! የወንድ ነገር...» አሉና ጭስ ሲሸታቸው ከዱካው ብድግ አሉ። «ኧረ እሳቱን ቀንስ! እህሉን ልታቃጥለው ነው እንዴ? ውሃ ጨምር! ቀስ! በሌላው እጅህ አማስል እንጂ፣ ሞኝ! እንደዛ አይደለም፣ ከሥር! ከሥር!»

ማዶ ክፍል ውስጥ ማርቲ ተነስታ በሩን ዘጋችው። ጫጫታቸው አላስጠና ብሏት ነበር።