ዝናብ ወዳጅ

«ሰው ይሞታል፤ ሻይ ይፈላል። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ሌላ ሰው ይሞታል፤ አሁንም ሻይ ይፈላል። ገዳዩን ያገኛል የተባለው ሽማግሌ ደግሞ ቁጭ ብሎ ሰዓት ይጠግናል። በዚህ ሁሉ መሃል ዝናቡ አንዴም አያባራም። አዛጋሁ።»

ማርያማዊት የጻፈችውን መለስ ብላ አነበበችና ላከችው። የትምህርት ቤቱን በር ሳታልፍ ስልኳ በሳቅ ምልክቶች ተጥለቀለቀ።

«ገደልሽኝ!» አለች አብራት የምትራመደው ሩዋይዳ፣ ከስልኳ ላይ እያነበበች። «‹አሁንም ሻይ ይፈላል!› ወይኔ ሆዴን!»

የቴሌግራም ቻናሉ ስም «አዛጋሁ» ነው። ማርያማዊት የከፈተችው ቲቸር ግርማ የእንግሊዝኛ ክበቡን ተረክበው፣ ዓርብ ዓርብ በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የድሮ የእንግሊዝ ፊልሞችንና ተከታታይ ድራማዎችን ማሳየት ሲጀምሩ ነበር። «የጠራ እንግሊዝኛ መስማት የፈለገ ከዚህ የተሻለ አያገኝም» ይላሉ ቲቸር ግርማ፣ ራሳቸው የሠሩት ይመስል እየኮሩ። ተማሪው የሚመጣው ግን ለጠራው እንግሊዝኛ ሳይሆን ከሰዓት በኋላውን ክፍል ላለመግባት ነው። ማርያማዊት ደግሞ የምትመጣው ለመናቅ ነበር።

በዚህ ማንም አይደርስባትም። ስለ ጦርነቱ ፊልም «መኮንኖቹ ቦምብ ወድቆባቸው እንኳ ፀጉራቸው አይበተንም» ብላ ጻፈች። ስለ ፍቅሩ ፊልም ደግሞ «ልጅቷ ሁለት ሰዓት ሙሉ በመስኮት ታያለች። ልጁ ሲመጣ ስለ አየሩ ጠባይ ያወራሉ። ከዚያ ተጋቡ» አለች። ኮሜዲውን በሁለት መስመር ነው የጨረሰችው፦ «ከጀርባ የሚስቁት ሰዎች እነማን ናቸው? እኛ እንደማንስቅ ቀድመው ሳያውቁ አልቀሩም።» የሌላ ትምህርት ቤት ልጆች ሳይቀሩ እየገቡ ያነቡላት ጀመር። የክፍሏ ልጅ ደበሌ አንድም ፊልም እስከ መጨረሻው ሳያይ ጽሑፎቿን በቃሉ ይዞ ይዞራል። ማርያማዊት እሱንም ትንቀዋለች፤ ጭብጨባውን ግን አትጠላውም።

ስለ ሰዓት ሠሪው ሽማግሌ ድራማ መጻፍ ከጀመረች በኋላ አስተያየት መስጫው ላይ አንድ የማይታወቅ ስም ብቅ አለ። «ዝናብ ወዳጅ» ይላል። ፎቶ የለውም።

«ሽማግሌው ቀርፋፋ አይደለም» ብሎ ነበር ዝናብ ወዳጅ የጻፈው። «ሰዎቹ እስኪያወሩ ነው የሚጠብቀው። እጁ ሥራ ላይ ስለሆነ የሚሰማቸው አይመስላቸውም። ደግመሽ እዪው።»

ደግመሽ እዪው! ማርያማዊት ደሟ ፈላ። አነጋገሩ የሴት መሰላት፤ ማን ናትና ነው የምታዛት? በሚቀጥለው ዓርብ ስለ ዝናቡና ስለ ሻዩ ስትጽፍም ያው ሰው ተመልሶ መጣ፦ «ሻይ የሚያፈሉት ምን እንደሚባባሉ ስለጨነቃቸው እኮ ነው። ልቅሶ ቤት ገብተሽ አታውቂም?»

ይህን ያነበበችው ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ከሩዋይዳ ጋር ጫማ ለማየት ተቀጣጥረው ፒያሳ ከነሩዋይዳ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በር ላይ ቆማ ሳለች ነው። ሱቁ በገዢ ተጨናንቋል። የሩዋይዳ አባት ሜትር በእጃቸው እንደያዙ ከበሩ ላይ አይተዋት «ግቢ እንጂ ልጄ፣ ምን ያስቆምሻል?» አሏት።

«መጣሁ አባባ፣ አንዴ ይቺን ልጨርስ» አለችና ሁለት አውራ ጣቶቿን አሾለች። እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «ዝናብ ወዳጅ ሆይ፣ ይህን ድራማ የሚወድ ሰው ወይ ጡረታ ወጥቷል ወይ ጓደኛ የለውም። አንቺ ሁለቱንም ትመስይኛለሽ።»

ልካ ቀና ስትል ሩዋይዳ ከባንኮኒው ጀርባ ቆማ ለአንዲት ሴት የመጋረጃ ጨርቅ ዘርግታ ታሳያለች። ባንኮኒው ላይ የተቀመጠው ስልኳ ብልጭ አለ። ሩዋይዳ በአንድ እጇ አንስታ አነበበች። ማርያማዊት ከበሩ ሆና ፊቷን አየችው። ሩዋይዳ አልተናደደችም። ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችውና ጨርቁን ማጠፍ ቀጠለች፤ ሴትየዋ ግን ገና መርጣ አልጨረሰችም ነበር።

«እህ፣ ለምን ታጥፊዋለሽ?» አለች ሴትየዋ።

ማርያማዊት ገባች። ሩዋይዳ ሌላ ቀለም ለማውረድ መሰላሉ ላይ ስትወጣ ስልኩ እንደገና ነዘረ። ማርያማዊት ገለበጠችው። ደበሌ «ዝናብ ወዳጅ ሞተች! ሻይ አፍሉ!» ብሎ የጻፈው መልስ መስታወቱ ላይ ጎልቶ ይታያል። ከላይ፣ መልሱ የተላከለት የስልኩ ባለቤት ስም አለ፦ ዝናብ ወዳጅ።

ስልኩን እንደነበረው መለሰችው። ሩዋይዳ ከመሰላሉ ወርዳ ስታያት እንደ ወትሮዋ ሳቀች። «ዛሬ ደግሞ የጻፍሽው! ልጅቷን አፈር አስበላሻት አይደል?»

«ደስ አለሽ?»

«ሞቼልሻለሁ!»

ጫማ ሳያዩ ተለያዩ። ማርያማዊት አሞኛል ብላ ወደ ቤቷ የሚሄድ ባጃጅ ያዘች። መንገዱን ሁሉ የሚያንገበግባት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ዋሸችኝ። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አጠገቧ የተቀመጠች ልጅ ፊት ለፊት እየሳቀችላት፣ ተደብቃ ትከራከራታለች! ፊልሙንስ ብትወደው ምናለ፣ ግን እንዲህ ያለ ፈሪነት? ቤት እንደገባች ቻናሉ ላይ ጻፈች፦ «ዝናብ ወዳጅ ማን እንደሆነች አውቄአለሁ። ዓርብ ክበቡ ላይ እነግራችኋለሁ።»

ሳምንቱ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ደበሌ በየእረፍቱ እየመጣ «ፍንጭ ብቻ! አንድ ፊደል!» ይላታል። ሩዋይዳ ደግሞ ከሌላው ጊዜ የበለጠ ትስቅላት ጀመር። ማርያማዊት ተራ ነገር ስትናገር ትስቃለች፤ ገና አፏን ሳትከፍት ትስቃለች። አንድ ቀን ማርያማዊት «ኬሚስትሪ ፈተና ሰኞ ነው አሉ» ስትላት እንኳ ሳቀች። ማርያማዊት ያንን ሳቅ ስትሰማ ናቀቻት። ቀጥሎ አንድ የማይመች ሐሳብ መጣባት፦ ሩዋይዳ የፈለገችውን ነግራት የምታውቀው መቼ ነው? ልታስታውስ ሞከረች። አልቻለችም።

ዓርብ ቤተ መጻሕፍቱ ጢም ብሎ ሞላ። ቲቸር ግርማ ጀርባቸውን ለተማሪው ሰጥተው ከፕሮጀክተሩ ገመድ ጋር ይታገላሉ። ደበሌ ወንበር ላይ ወጣ።

«ዓርብ ደረሰ! ማርያማዊት፣ ንገሪን። ማን ናት?»

ሁሉም ዞረ። ሩዋይዳ አጠገቧ ተቀምጣለች። አልሳቀችም። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ግድግዳው ላይ ያለውን ባዶ ብርሃን ታያለች፤ የሂጃቧ ጫፍ ከትንፋሿ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ታውቃለች ማለት ነው። አውቃም መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፣ አለች ማርያማዊት በልቧ። ፈሪ ያለቻት ልጅ።

«አልናገርም» አለች።

«ምን ማለት ነው አልናገርም?»

«አልናገርም ማለት ነው። ውረድ ከዚያ።»

«ስለማታውቂያት ነዋ!» ደበሌ ወደ ልጆቹ ዞረ። «ፎግራን ነው! ሳምንቱን ሙሉ ሸወደችን!»

«ሼም ነው!» አለ አንዱ ከኋላ። ሌላው አፉን ከፍቶ ረጅም ማዛጋት አዛጋ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ማርያማዊት ፊቷ ጋለ፤ ጆሮዋ ሳይቀር ጋለ። የምትመልሰው አላጣችም፤ ደበሌን አንገቱን የሚያስደፋ ዓረፍተ ነገር ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

«ጸጥታ!» አሉ ቲቸር ግርማ፣ ምን እንደተባለ ሳይሰሙ። ድራማው ጀመረ።

ሲያበቃ ሁለቱ በዋናው መንገድ ዳር ዳር ረጅም ርቀት ሄዱ። ባጃጆች ፍጥነት እየቀነሱ ጡሩምባ ይነፉላቸዋል፤ አልተሳፈሩም።

«ለምን አልተናገርሽም?» አለች ሩዋይዳ በመጨረሻ።

«አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? ‹ይሄን ድራማ እወደዋለሁ› ብዬ?» ሩዋይዳ ቆመች። «ከዚያ ቻናሉ ላይ ልታወጪኝ?»

ማርያማዊት «አላወጣሽም ነበር» ልትል አፏን ከፈተች። ግን ታወጣት ነበር። በደንብ አሳምራ ነበር የምታወጣት።

«ጓደኛ የለውም ያልኩት...» አለች ማርያማዊት። «አንቺ መሆንሽን አላወቅኩም።»

«ሌላ ሰው ብትሆንስ?»

እንደገና መራመድ ጀመሩ። አንድ ጥግ ከታጠፉ በኋላ ሩዋይዳ ማንም ሳይጠይቃት ማውራት ጀመረች። «እኔ ሱቅ ስቆም ሰዎች እንደሌለሁ ነው የሚቆጥሩኝ። ጨርቅ እየመረጡ ስለ ባላቸው፣ ስለ ጎረቤታቸው፣ የማይወራ የለም፣ ሁሉን ያወራሉ። እኔ አጥፋለሁ፣ እለካለሁ። ያ ሽማግሌ ልክ እንደዚያ ነው። እንደሱ ያለ ሰው በፊልም አይቼ አላውቅም። በቃ ይሄው ነው።»

ማርያማዊት ለማሾፍ የሚሆን ነገር ወዲያው መጣላት። ሁልጊዜ ወዲያው ይመጣላታል። አሁን ግን ተወችው።

«እኔ ግን አሁንም ይደብረኛል» አለች። «እውነቴን ነው። ሰው እየሞተ እንዲህ ቀስ ማለት ያናድደኛል።»

«አይደብርም።»

«ይደብራል።»

«ስልክሽን እየነካካሽ ስለምታይው ነው። ዛሬ እንኳ ድራማው ላይ ሙሽራዋ ስትገባ ምን እንደያዘች አላየሽም።»

«ምን ያዘች?»

«አልነግርሽም!» ሩዋይዳ ይህን ያለችው ጮክ ብላ፣ በቁጣ ነበር። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ተቆጥታት አታውቅም። ማርያማዊት ቀና ብላ አየቻት፤ አጠገቧ አዲስ ልጅ የቆመች መሰላት።

መገንጠያው ላይ ደረሱ። ሩዋይዳ ወደ ሱቁ፣ ማርያማዊት ወደ ቤት። ማርያማዊት ግን አልሄደችም።

«የድራማው ክፍል ሁሉ ስልክሽ ላይ አለ?»

«አለ። ለምን?»

«ነገ ሱቅ እመጣለሁ። ስልኬን ቤት ትቼ። ካልወደድኩት ግን አልወደድኩም እልሻለሁ፤ ላንቺ፣ ፊት ለፊት።»

«እሺ።»

«ከመጀመሪያው ክፍል እንጀምር?»

«ኧረ እሱን ተዪው» አለች ሩዋይዳ፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እያስተካከለች። «የመጀመሪያው ክፍል እውነትም ይደብራል።»