ጭቃ ያልነካው ወለል

ስሙኝማ ወዳጆቼ፣ ሰው ገድሎ ከሐዘንተኛ ጋር አብሮ የሚያለቅስ አለ። እግዚአብሔር ከእንዲህ ያለው ይሰውራችሁ።

ኦታካር እንግዶችን በሚኒባስ ከፕራግ እያወጣ የካርልሽታይንን ግንብ ያስጎበኝ ነበር። ሲመለሱ ጫካው ዳር ካለው ቤቱ ጎራ ይላሉ፤ ሚስቱ ዝደንካም ጓሮ ባለው ዳስ ሾርባ ታበላቸዋለች። ያን ቀን ሰማዩ እንደ ጠቆረ፣ ዝናቡም ሳያባራ ዋለ። እንግዶቹ ገና እየበሉ ኦታካር ቤቱ ውስጥ፣ ደረጃው ሥር፣ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ተገኘ። ዝደንካ ድርቅ ብላ ቀረች። ሾፌሩ ራዲም ግን እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ።

ሬሳውን ያገኘው አንሴልሞ የሚባል የሊዝበን ሽማግሌ ነው፤ ሽንት ቤት ፍለጋ ገብቶ። ጠዋት ግንቡ ላይ «ለምን ታጣድፈናለህ?» ብሎ ከሟቹ ጋር ተጨቃጭቋል። የመንደሩ ፖሊስ ካቴና ይዞ ቆመ፤ የሽማግሌው ሴት ልጅ አባቷ ላይ ተጠመጠመች።

መርማሪዋ ድራሆሚራ ከከተማ መጣች። ደጅ ላይ ጫማዋን አውልቃ ገባች።

«ነገሩ ግልጽ ነው፣ እመቤቴ» አለ ፖሊሱ። «የጭቃ ኮቴ ያለው የሱ ብቻ ነው።»

«ኮቴው የት ድረስ ይሄዳል?»

«እስከ ሳሎኑ በር።»

«ሬሳው ያለው ደግሞ ማዶ፣ ደረጃው ሥር። ሽማግሌው ክንፍ አላቸው እንዴ?»

ፖሊሱ ካቴናውን ኪሱ ከተተ። እሷ ጎንበስ ብላ የሟቹን ቡትስ አየች፤ በጭቃ ተለውሷል። ዙሪያው ያለው ወለል ግን ንጹሕ ነው።

«ወይዘሮ ዝደንካ፣ ባልዎ ከነጫማው ቤት ይገባል?»

«ኦታካር? ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ሳያወልቅ አይገባም። እናቱ በመጥረጊያ እየገረፈች ነው ያሳደገችው።»

ከዚያ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ኦታካር ከደረጃ አልወደቀም» አለች። «ውጭ ነው የሞተው። ጫማው ጭቃ ነው፣ ወለሉ ንጹሕ ነው፤ ሰው ተሸክሞ አስገብቶታል። ተሸካሚውስ ለምን ጭቃ አልተወም? ሬሳውን ደጃፉ ላይ አሳርፎ የራሱን ጫማ ስላወለቀ።»

«ሰው ገድሎ ማን ጫማ ያወልቃል?» አለች የአንሴልሞ ልጅ።

«እኛ የዚህ አገር ሰዎች። ሳናስበው እናደርገዋለን። አባትሽማ ይኸው አሁንም በጫማቸው ናቸው።»

አንሴልሞ እግሩን ወንበሩ ሥር ደበቀ።

«ዝደንካ ከዳሱ ንቅንቅ አላለችም፤ እንግዶቹ ሁሉ አይተዋታል። ጎማ ልይ ብሎ የወጣው አንድ ሰው ነው። ራዲም፣ እኛ የአገሬው ሰዎች ሁላችንም በካልሲ ነን፤ አንተ ባዶ እግርህን ነህ። ካልሲህስ?»

«ረጠበብኝ።»

«በምን? በዝናብ ወይስ በደም?»

«ምድጃው ውስጥ ከትቸዋለሁ» አለ ራዲም። «ጠጥተህ ሰው ጭነህ አትነዳም፣ ነገ ከሥራ አባርርሃለሁ አለኝ። ገፋሁት፤ ድንጋዩ ላይ ወደቀ።»

«የልጄ የክርስትና አባት አይደለህም እንዴ?» አለችው ዝደንካ፣ በቀስታ።

አንሴልሞ ከነልጁ አገሩ ገባ። የራዲም እናት ግን እዚሁ ሰፈራችን አለች፤ ቤተ ክርስቲያን አጠገቧ የሚቀመጥ የለም። እኔም ልጆች አሳድጌያለሁ። እባካችሁ ስትጸልዩ እሷንም አስቧት።