አንዴ ብቻ ሽማግሌ የላከው ልጅ

ጎረቤቴ የምሥራች ናት በአጥር ላይ የነገረችኝ። እሷ ደግሞ ከመርጋ ሚስት ከዓባይነሽ ነው የሰማችው።

«ስሚ ሸዋጌጥ፣ ያ የታንጋኒካው ልጅ ለደራርቱ ሽማግሌ ሊልክ ነው አሉ!»

ያጠብኩትን ልብስ ሳላሰጣ ጥዬ ነው የወጣሁት። ሰፈራችንን ባኬ ጃማን በአንድ ጠዋት አዳረስኩት።

ጊዜው የጃንሆይ ነው፣ ሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት። ልጁን ሚሲዮኖቹ ናቸው ከአገሩ ያመጡት፣ ለአምስት ወር የድሬሰር፣ የቁስል አካሚነት፣ ትምህርት። ስሙ አይካኤሊ ነበር፤ እኛ ሚካኤል ብለን ተገላገልን። በየካቲት መጣ፤ ሰኔ ሲጋመስ ትምህርቱን ጨርሶ ወዳገሩ ይመለሳል። ረጅም፣ ዓይነ አፋር፣ ሰው ሲያናግረው እጁን የት እንደሚያደርገው የሚጠፋው ልጅ ነው።

ደራርቱ የልብስ ሰፊው የመርጋ ልጅ ናት። እንጨት ስትፈልጥ አውራ ጣቷን ቆረጣትና ክሊኒክ ሄደች። ቁስሉን ያሰረላት እሱ ነው። በሳምንቱ ዳነች። እሷ ግን ጣቷን በጨርቅ እየጠቀለለች ማክሰኞና ዓርብ ክሊኒክ ነው! ወር ሙሉ!

አንድ ቀን መንገድ ላይ ያዝኳት። «እስቲ አሳዪኝ።»

«ያመኛል፣ አዮ» አለችኝ፤ እናቴ ማለቷ ነው።

«የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?»

ሳቋ አመለጣትና ሮጠች።

ክሊኒክ አብራት የምትሄደው ጓደኛዋ ድርቤ ናት። እሷን ያዝኩና ጠየቅኳት።

«ፈትቶ ያየዋል» አለችኝ። «ድኗል። እሱ ግን በአዲስ ፋሻ መልሶ ያስረዋል።»

«ሌላ ነገርስ?»

«ሌላ ምንም። ትንሽ ትንሽ ኦሮምኛ ታስተምረዋለች፣ በቃ።»

በግንቦት ነው እንግዲህ አፉን አውጥቶ የተናገረው። «ላገባሽ እፈልጋለሁ፣ ምን ላድርግ?» አላት። «ሽማግሌ ላክ» አለችው። ይችን ብቻ ነው ያለችው።

መጥቶ የለመነው የኔኑ ባል መሸሻን ነው። ጉልበቱን ያሽለት ነበርና እንደ አባት ነው የሚያየው። መሸሻ ከሚሲዮኑ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ዋቅወያን ጨመረና ሐሙስ ጠዋት ሄደው መርጋ ደጅ ቆሙ። መርጋ አስገብቶ አስቀመጣቸው፤ ሰማቸው፤ አገጩን አሸ።

«ልጄ ገና ናት» አለ። «አገሩም ሩቅ ነው። አይሆንም።»

ደግ አደረገ! እኛ አገር በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት የለም። እሺ ቢል ልጁን ሊያራግፋት የቸኮለ ነው የሚመስለው። ሁለት ጊዜ ይመልሳል፣ በሦስተኛው ይመርቃል። ራሱ መርጋ ዓባይነሽን ሲጠይቅ አራት ጊዜ መልሰውታል፤ አማቱ ክፉ ነበሩ።

መሸሻ ለልጁ ሄዶ «አይሆንም ብለዋል» አለውና ዝናብ ሳይዘው ቤቱ ገባ። ልጁ አመስግኖ እጁን ሳመው።

በሚቀጥለው ሐሙስ ዓባይነሽ ብርዝ በጠበጠች፤ የሚሲዮን ሰዎች ስለሆኑ እነሱ ቤት ጠጅ የለም። መርጋ ሱቁን ዘጋ፣ ኮቱን ለበሰ፣ ፊቱን ወደ በር አድርጎ ተቀመጠ። የመጣ የለም። በሌላኛውም ሐሙስ ብርዙ ተበጠበጠ፣ ኮቱ ተለበሰ። የመጣ የለም።

«ኧረ ምን ትጠብቃላችሁ?» አልኩት መሸሻን።

«ላኪው ሳይልከን? ልጁ መጥቶ ይለምነን እንጂ! ሽማግሌ እኮ ዝም ብሎ ተነስቶ አይሄድም።»

«ልቡ ቀዝቅዞ ይሆናል እንግዲህ» አልኩና ይችንም አዳረስኳት። ያልነገርኩት ሰው የለም፣ ከሱ ከራሱ በቀር።

የመጨረሻው ማክሰኞ ደራርቱ ጣቷን ጠቅልላ ሄደች። ድርቤ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

«ሐሙስ ሐሙስ አባቴ ሱቅ አይሄድም» አለችው ደራርቱ። «ቤት ነው የሚውለው።»

«አውቃለሁ» አላት። «እንዳላስቀይማቸው ብዬ ሐሙስ በዚያ መንገድ አላልፍም።»

ልጅቷ ምን ትበል? በገዛ አፏ «ሽማግሌህን መልሰህ ላክብኝ» ትበለው? ባል እንደቀረባት ሴት? ደግሞስ የማያውቅ መቼ መሰላት? ትቶኛል ብላለች እኮ። ወለሉን ወለሉን ታያለች።

«ዓርብ ነው የምትሄደው?»

«ዓርብ ነው። ከዚያ ካለፈ ዝናቡ መንገዱን ይዘጋዋል አሉ።»

«ጣቴስ እንዴት ነው?»

ጨርቁን ፈታው። ጣቷን በእጁ ይዞ ብዙ ቆየ። ፋሻ አላነሳም።

«ድኗል» አላት።

ዓርብ ሁላችንም ልንሸኘው ወጣን። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው፤ ረዳቱ የአውቶቡሱን ጎማ በሰንሰለት ያስራል። ልጁ እየዞረ «ነጋቲ፣ ነጋቲ» እያለ ይሰናበታል። መርጋ ያንኑ ኮቱን ለብሶ መጥቷል። ልጁ ፊቱ ቆሞ ዝቅ አለለት።

«ኦቦ መርጋ፣ ሽማግሌዎቼን ስለተቀበሉልኝ ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ። ቃልዎን አክብሬያለሁ። ሁለተኛ አላስቸግርዎትም።»

ወይ አምላኬ! ያኔ ነው የገባን። ልጁ እምቢታው እውነት መስሎታል።

መርጋ አፉን ከፈተ። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። ግን የቱ አባት ነው ልጁን መኪና ማቆሚያ ላይ «እንካ፣ ውሰዳት» የሚል? ሰው ሁሉ ያየዋል። መሸሻን በክርኔ ጎሰምኩት፤ ከዘራውን ነው የሚያየው። መርጋ አፉን ዘጋው።

«መንገዱን ያቅናልህ፣ ልጄ» አለው። ልጄ አለው እኮ!

ደራርቱ እጇን ሰጠችው። አውራ ጣቷን ጠባሳው ላይ ያዛት። ሾፌሩ ክላክስ ነፋ፣ ደግሞ ነፋ። ልጁ ወጣና ተቀመጠ፤ በመስኮት አላየም። አውቶቡሱ ጭቃውን እየረጨ ወደ ጉቴ መንገድ ዞረና ከዓይናችን ጠፋ።

እኛም ቆመን ማውራት።

«የሰው አገር ሰው!» አለች የምሥራች። «ቢወዳት ኖሮ አንዴ እምቢ ስላሉት ይተዋት ነበር?»

«ሐሙስ ሐሙስ ብርዙን ስበጠብጥ ከረምኩ» አለች ዓባይነሽ፣ እያለቀሰች።

«እኔ የተላክሁትን አድርሻለሁ» አለ መሸሻ።

«ወንድ ልጅ እንዲህ ቶሎ ተስፋ ይቆርጣል?» አልኩ እኔም።

ደራርቱ ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋ ቆማለች። ድርቤ ነጠላዋን ለጓደኛዋ ደረበችላትና ወደኛ ዞረች።

«ልጁ ሊማር ነበር የመጣው!» አለች። «እስቲ ንገሩኝ፣ እኛ አገር አባት ሦስቴ ነው የሚጠየቀው ብሎ የነገረው ማነው ከናንተ?»

የነገረው የለም። እኔ እንኳ።